ስፖሩን ያስገባው ሕዋሱ ራሱ ነው

እ.ኤ.አ. በ1890 ፓሪስ ውስጥ ዲዩላፎይ፣ ሻንትሜስ እና ቪዳል የተባሉ ሦስት ሐኪሞች ስለ እርግብ አጉራሾች ጻፉ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አጉራሾቹ ለገበያ የሚቀርቡ እርግቦችን የሚያደልቡ ሰዎች ነበሩ። እህል ከውሃ ጋር አፋቸው ውስጥ ይሞላሉ። የእርግቧን ምንቃር ይከፍቱና ከአፋቸው በቀጥታ ወደ ጉሮሮዋ ይገፉላታል። ከዚያ ሌላዋን ያነሳሉ። ቀኑን ሙሉ ይኸው ነው ሥራቸው።

ከእነሱ አንዳንዶቹ ማሳል ጀመሩ። ከሱ። ደም ተፉ። ያያቸው ሁሉ የሳንባ ነቀርሳ ነው ቢል አይፈረድበትም። ሮበርት ኮክ የቲቢን ባክቴሪያ ካገኘ ያኔ ገና 8 ዓመቱ ነው። አክታቸው ሲመረመር ባክቴሪያው የለም። የተገኘው ሻጋታ ነው፤ አስፐርጊለስ ፉሚጌተስ የሚባለው። ሐኪሞቹ በሽታውን ከፈንገስ የመጣ «ሐሰተኛ ነቀርሳ» አሉት።

ይህን ታሪክ ያነበብኩት አጎቴ በታመሙበት ጊዜ ነው። ስለ እሳቸው ኋላ እነግራችኋለሁ። ያኔ እንቅልፍ የነሳኝ ጥያቄ ግን ሌላ ነበር። እህል ላይ ያለ ብናኝ እንዴት አድርጎ የሰው ሳንባ ላይ ይጣበቃል? ተጣብቆስ እንዴት ወደ ውስጥ ይገባል? እግር የለው፣ ጥርስ የለው። የባዮሎጂ ሰው አይደለሁም፤ ግን ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ያገኘሁት መልስ ስለ በሽታ ያለኝን አመለካከት ቀየረው።

ከስፖሩ፣ ሻጋታው ከሚራባበት ብናኝ፣ እንጀምር።

አስፐርጊለስ ፉሚጌተስ የሚኖረው በበሰበሰ ቅጠል፣ በፍግ ክምር፣ በረጠበ ገለባና በተከማቸ እህል ውስጥ ነው። ሙቀት ይወዳል። ውስጡ 50 ዲግሪ የደረሰ የፍግ ክምር እንኳ ይስማማዋል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከሻጋታዎች አብዛኞቹ የሰው ገላ ሙቀት አይመቻቸውም፤ እኛን የማይነኩንም በከፊል ለዚህ ነው። ለዚህኛው ግን 37 ዲግሪ ቀዝቀዝ ያለ፣ ደህና ማረፊያ ነው።

ሲያድግ ግራጫና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ዱቄት ያወጣል። ዱቄቱ ስፖሩ ነው። አንዱ ስፖር 2 ወይም 3 ማይክሮሜትር ብቻ ነው። የአንዲት ፀጉር ውፍረት ላይ ከ20 በላይ ስፖር ጎን ለጎን ይደረደራል። ስለዚህ አየር ላይ ከወጣ በቀላሉ አያርፍም። ሁላችንም በየቀኑ በመቶዎች የሚቆጠር እንተነፍሳለን። አዲስ አበባ ያለው፣ ዋሽንግተን ያለው፣ ጅዳ ያለው፣ ሁሉም። እህል በረንዳ የጤፍ ጆንያ ሲራገፍ አጠገቡ የቆመ ሰው ደግሞ ከዚያም በላይ ይስባል።

ትልልቁን ብናኝ አፍንጫችን ያስቀረዋል። ከዚያ ያለፈው የአየር ቧንቧው ላይ ካለው ዝልግልግ ፈሳሽ ጋር ይጣበቃል። ከፈሳሹ ሥር ያለማቋረጥ የሚወዛወዙ ጥቃቅን ፀጉሮች አሉ። የተጣበቀውን ሁሉ ወደ ጉሮሮ እየገፉ ያመጡታል፤ እኛም ሳናውቀው እንውጠዋለን። ችግሩ የዚህ ስፖር መጠን ነው። ሁሉንም አልፎ ሳንባችን መጨረሻ ላይ ያሉት የአየር ከረጢቶች ድረስ ለመውረድ ይበቃል። እዚያ ደግሞ የሚወዛወዝ ፀጉር የለም።

እዚያ የደረሰው ስፖር ሁለት ነገር ለብሶ ነው የሚደርሰው።

የላይኛው ሮድ-ኤ የሚባል ፕሮቲን ነው። ጥቃቅን ዘንጎች ሆኖ እርስ በርሱ ተሸምኖ ስፖሩን ዙሪያውን ይሸፍነዋል። ውሃ አያስነካም። ስፖሩ ደርቆ በአየር የሚንሳፈፈው በዚህ የተነሳ ነው። ግን ሌላም ሥራ አለው። ፓሪስ ያለው የፓስተር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው በ2009 ኔቸር መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት አለ። ሽፋኑ ያልተነካ ስፖር የመከላከያ ሕዋሳትን ምንም አያስቆጣም። ሽፋኑን በኬሚካል ሲገፍፉት፣ ወይም ሮድ-ኤ የሌለው ፈንገስ ሲያመጡ፣ ሕዋሳቱ ወዲያው ይነቃሉ። ማለት ስፖሩ አጠገባቸው እያለ አያዩትም ነበር።

መጀመሪያ ሳነበው ይህ ተንኮል መሰለኝ። ቆይቼ ሳስበው ግን ለእኛም ውለታ አለው። በቀን በመቶዎች ለምንስበው ነገር ሁሉ ሳንባችን እየተቆጣ ቢያብጥ ኖሮ እንዴት እንተነፍስ ነበር?

ከሮድ-ኤ ሥር ሜላኒን አለ። የእኛን ቆዳና ፀጉር ከሚያጠቁረው ጋር ዝምድና ያለው ቀለም ነው፤ ለስፖሩም መልኩን የሰጠው እሱ ነው። ሜላኒን መሥራት የማይችል፣ ስፖሩ ነጭ የሆነ ፈንገስ ላቦራቶሪ ውስጥ አለ። ይህ ነጩ አይጦችን የማሳመም አቅሙ ደካማ ነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ማክሮፋጅ የሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ስፖሩን ሲውጡት በትንሽ ከረጢት ውስጥ ያስቀምጡታል። ከዚያ ከረጢቱን አሲድ ያደርጉትና ይፈጩታል። ሜላኒኑ ከረጢቱ አሲድ እንዳይሆን ይከለክላል። ተውጦም አይፈጭም።

አሁን ወደ መጣበቁ እንምጣ።

የሳንባችን ሕዋሳት ዝም ብለው ለስላሳ አይደሉም። ላያቸው ላይ ብዙ ዓይነት ፕሮቲን አለ። ከሥራቸው ደግሞ የተቀመጡበት መደላድል አለ፤ ላሚኒን፣ ፋይብሮኔክቲን ከሚባሉ ፕሮቲኖች የተሠራ። ስፖሩ እነዚህን መያዝ ይችላል። ሳንባው ጤነኛ ሲሆን መደላድሉ በሕዋሳት ተሸፍኗል። ሳንባው ሲጎዳ ግን ሕዋሳቱ ይነሱና መደላድሉ ይገለጣል። ያኔ ስፖሩ የሚይዘው ብዙ ነገር ያገኛል። የተጎዳ ሳንባ እንደገና የሚጎዳበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። ቀድሞ በሌላ በሽታ የቆሰለ ሰው ለዚህኛው የቀረበ ነው።

ስፖሩ ካረፈ በኋላ ውሃ መምጠጥ ይጀምራል። ያብጣል። ሲያብጥ ሮድ-ኤው ይገፈፋል፤ ከሥሩ ቤታ-ግሉካን የሚባል ስኳር ይወጣል። ይህን ስኳር የመከላከያ ሕዋሶቻችን በደንብ ያውቁታል። ዴክቲን-1 የሚባል መለያ ላያቸው ላይ አላቸው፤ ቤታ-ግሉካን ሲነካው ማንቂያው ይደወላል። እንግዲህ ስፖሩ ተሸፍኖ ከቆየ አይታይም፣ ግን አያድግም። ሊያድግ ከፈለገ መታየት አለበት። ጤነኛ ሰው ላይ በዚህ ሰዓት ያልቅለታል። ማክሮፋጆች አሉ፤ ኑትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ደግሞ ተጠርተው ይደርሳሉ። የደም ካንሰር ይዞት ኬሞ የሚወስድ ሰው ግን ኑትሮፊሎቹ አልቀዋል። ማንቂያው ቢደወል የሚመጣ የለም።

ያበጠው ስፖር ሌላም ነገር ያወጣል። ካል-ኤ የሚባል ፕሮቲን ነው። በ2016 ኔቸር ማይክሮባዮሎጂ ላይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው ካል-ኤ በሕዋሳችን ላይ ያለውን ኢንተግሪን አልፋ-5 ቤታ-1 ይይዛል። ኢንተግሪን ለፈንገስ ተብሎ የተሠራ አይደለም። ሕዋስ መደላድሉን ይዞ የሚቆምበት ነው። ያለ እሱ ሕዋሳችን ቦታው ላይ አይረጋም። ስፖሩ የያዘው እንግዲህ ልንጥለው የማንችለውን ነገር ነው።

ካል-ኤ ኢንተግሪኑን ሲይዝ ሕዋሱ ውስጥ መልእክት ይተላለፋል። ከሕዋሱ ቆዳ ሥር አክቲን የሚባሉ ክሮች አሉ፤ ለሕዋሱ ቅርጽና እንቅስቃሴ የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ክሮቹ ስፖሩ ወዳለበት ይሰበሰባሉ። የሕዋሱን ቆዳ ከግራ ከቀኝ ወደ ላይ ይገፉታል። ቆዳው ስፖሩን ቀስ ብሎ ይሸፍነዋል፤ ብርድ ላይ የተቀመጠን ሰው ጋቢ እንደሚያለብሱት። ዳርና ዳሩ ሲገናኝ ስፖሩ ውስጥ ነው።

ይህን ሥራ የሠራው ማነው? ስፖሩ አልገፋም፣ አልቦረቦረም። ተመራማሪዎች ይህን በሁለት መንገድ አረጋግጠዋል። የአክቲንን ሥራ የሚያግድ መርዝ ሕዋሱ ላይ ሲጨምሩ መግባቱ ቀረ። የሞተ ፈንገስ ሲያቀርቡለት ደግሞ ሕዋሱ እሱንም አስገባው። የሞተ ነገር በራሱ ጉልበት የትም አይገባም። ጉልበቱ የእኛ ነው።

እዚህ ላይ ስደርስ ብዙ ቆየሁ። «በሽታ ወረረው»፣ «ተዋጋው»፣ «አሸነፈው» እያልን ነው ያደግነው። ታማሚውም ይህን ይሰማል፤ ካልዳነ የተሸነፈ ይመስለዋል። እዚህ የማየው ግን ሌላ ነው። ሕዋሱ በየቀኑ የሚሠራውን ነው የሠራው። የነካውን ይይዛል፣ ይሸፍናል፣ ያስገባል፣ ይፈጫል። ከመቶ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ትክክል ነው።

ይህ ግምት አይደለም። ሳይንቲስቶች የሳንባ ሕዋስን ለማጥናት ከሚጠቀሙባቸው አንዱ ኤ-549 ይባላል። በ1972 ከአንድ የ58 ዓመት ሰው የሳንባ ዕጢ የተወሰደ ነው፤ ሕዋሳቱ እስከ ዛሬ በየላቦራቶሪው እየተባዙ ይኖራሉ። በ2003 በወጣ ጥናት እነዚህ ሕዋሳት ስፖር እንዲያስገቡ ተደረገ። ከ24 ሰዓት በኋላ አብዛኛው ስፖር ሞቷል። 3 በመቶ ያህሉ ግን ተርፏል። ከተረፉት መሀል አሲዱ ውስጥ ሆነው ያቆጠቆጡ አሉ። ያቆጠቆጡት ክር አውጥተው ሕዋሱን ሳያፈነዱት ወጡ።

3 በመቶው እንዴት ተረፈ? ጀርመን ውስጥ የና ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች በ2023 አንዱን መንገድ አገኙ። ስፖሩ ላይ ኤችኤስሲ-ኤ የሚባል ፕሮቲን አለ። ይህ ፕሮቲን የእኛ ሕዋስ ውስጥ ያለውን ፒ-11 የሚባል ፕሮቲን ይይዛል። ሕዋስ ያስገባውን ነገር ሁሉ አይፈጭም፤ አንዳንዱን መልሶ ወደ ውጭ የሚልክበት መንገድ አለው። ፒ-11 ሲያዝ ስፖሩን የያዘው ከረጢት ወደ መፍጫው መሄዱ ቀርቶ ወደ መመለሻው ይዞራል። ስፖሩ ሳይነካ ይወጣል። ደግሞ ፒ-11ን በሚሠራው ዘረመል አካባቢ ትንሽ ልዩነት ያላቸው ሰዎች አሉ። የመቅኒ ሕዋስ ንቅለ ተከላ ካደረጉ ታማሚዎች መሀል ይህ ልዩነት ያላቸው በአስፐርጊለስ የመያዝ ዕድላቸው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። አንዱ ሲታመም ሌላው የሚድነው ለምን እንደሆነ ስንጠይቅ ኖረናል። እንዲህ ያለች ጥቃቅን ነገር ከመልሱ አንዷ መሆኗ ይገርመኛል።

ሁሉም ፈንገስ አንድ ዓይነት መንገድ የለውም። ልጅ ሆነን ቆረቆር የያዘው ልጅ ይሰደብ ነበር፤ ተማሪ ቤት አጠገቡ የሚቀመጥ አይገኝም። ቆረቆር ሕያው ሕዋስ አይፈልግም። የሚኖረው በሞተው ክፍላችን፣ በፀጉርና በቆዳ ላይ ባለው ኬራቲን በሚባል ፕሮቲን ላይ ነው። አገራችን ውስጥ በብዛት የሚያመጣው ትራይኮፊተን ቫዮላሲየም ነው። ይህ ፈንገስ ፀጉሩ ውስጥ ገብቶ በስፖር ይሞላዋል። ፀጉሩ ከሥሩ ይሰበርና ራስ ቅል ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይቀራል። ቅባት ብቻውን የማያድነው ለዚህ ነው፤ ፀጉሩ ውስጥ አይደርስም፣ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልጋል። ስፖሩ ባልጸዳ ቶንዶስ ላይ ቆይቶ ወደ ሌላ ልጅ ይሄዳል። ልጁ ያጠፋው ነገር የለም። እነዚያን የተሰደቡ ልጆች ባሰብኩ ቁጥር አሁንም ያመኛል።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ ግን ራይዞፐስ ነው።

በ2021 ሕንድ በኮቪድ ስትናጥ «ጥቁር ፈንገስ» የሚል ዜና ሰምተናል። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ40 ሺህ በላይ ሰዎች መያዛቸው ተመዘገበ። ፈንገሱ ከአፍንጫ ተነስቶ ወደ ዓይንና ወደ አንጎል ይሄዳል። ሰዎችን ለማትረፍ ሐኪሞች ዓይን ለማውጣት ተገደዱ። አምፎቴሪሲን-ቢ የሚባለው መድኃኒት ከገበያ ጠፋ። የበሽታው ምክንያት ራይዞፐስና ዘመዶቹ ናቸው፤ ራይዞፐስ የቆየ ዳቦ ላይ የሚወጣው ዓይነት ሻጋታ ነው። ሕንዶቹ ያን ዓመት አዲስ ስፖር አልመጣባቸውም። ስፖሩ ድሮም ነበር። ታዲያ ምን ተለወጠ?

መልሱ ከዚያ በፊት ሎስ አንጀለስ አጠገብ ቶራንስ ከተማ ባለ ቤተ ሙከራ ተገኝቶ ነበር። የእነዚህ ፈንገሶች ስፖር ኮት-ኤች የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉት። ኮት-ኤች-3 በሕዋሳችን ላይ ጂአርፒ-78 የሚባለውን ይይዛል። ይህን ያሳየው የ2014 ጥናት ላይ ከጸሐፊዎቹ የመጀመሪያው ስም ተክለጊዮርጊስ ገብረማርያም ነው። ስሙን ሳየው ደስ አለኝ፤ ጽሑፉንም ከዚያ በኋላ ደግሜ አነበብኩት።

ጂአርፒ-78 ሥራው ሕዋስ ውስጥ ነው። አዲስ የተሠሩ ፕሮቲኖች በትክክል እንዲታጠፉ ያግዛል። ሕዋሱ ሲጨነቅ ግን ይበዛና ወደ ላይ ይወጣል። ከሚያበዙት ነገሮች መሀል የደም ስኳር መብዛት፣ የነጻ ብረት መብዛት፣ ስኳር በሽታ ከቁጥጥር ሲወጣ የሚመጣው አሲድ አሉ። አሁን ሕንድን አስቡ። የስኳር ሕመምተኛው ብዙ ነው። ኮቪድ ራሱ ስኳርን ያዛባል። ለኮቪድ የሚሰጠው ስቴሮይድ ስኳርን ከፍ ያደርጋል፤ የመከላከያ ሕዋሳትንም ያደክማል። ስፖሩ የሚይዘው ነገር በአፍንጫ ሕዋሳት ላይ በዛ፤ የሚይዙት ጠባቂዎች አነሱ። ፈንገሱ አልተለወጠም። ሰውነቱ ነው የተለወጠው።

ስቴሮይዱ የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል፤ ይህን መካድ አይገባም። ግን በአገራችን ስኳር ያለበት ሰው ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ስኳሩን ሳይለካ ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው ሳይ ዝም ማለት አልችልም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እዚህ ጋ ነው።

አሁን ስለ አጎቴ ልናገር።

አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ እህል ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ቲቢ ይዟቸው መድኃኒቱን በሥርዓት ጨርሰው ድነዋል። ከብዙ ዓመት በኋላ ሳሉ። ሳሉና አልተዋቸውም። ከሱ። አንድ ቀን ጠዋት መሐረባቸው ላይ ደም አዩ። የሄዱበት ቦታ ወዲያው «ቲቢው ተመልሶ ነው» ተባሉ። አክታቸው የቲቢን ባክቴሪያ በዘረመሉ በሚፈልገው በጂን ኤክስፐርት መሣሪያ ሲታይ ባክቴሪያ የለም። ቢሆንም የቲቢ መድኃኒት እንደገና ተጀመረላቸው። እስከ መጨረሻው ዋጡት። ሳሉ ግን እንዳለ ነው። ጎረቤት ቡና መጥራት ቀነሰ። እሳቸውም የራሳቸውን ብርጭቆ ለይተው አስቀመጡ፤ ማንም ሳይነግራቸው።

ይህን ሳስብ አሁንም እናደዳለሁ። በሌላቸው በሽታ ተገለሉ።

በኋላ አንዲት ወጣት ሐኪም አየቻቸው። መጀመሪያ የጠየቀችው የድሮ ራጅ እንዳላቸው ነው። ነበራቸው፤ ፍራሽ ሥር በትልቅ ፖስታ አስቀምጠውታል። ከአዲሱ ጎን ሰቅላ አየችው። የድሮው ላይ የቀኝ ሳንባቸው ጫፍ ላይ ቲቢው ቦርቡሮ የተወው ባዶ ክፍተት አለ። አዲሱ ላይ ክፍተቱ ውስጥ ክብ ነገር ተቀምጧል። በክቡና በግድግዳው መሀል ጥቁር የአየር ማጭድ ይታያል። ሲቲ ስካን አዘዘች። ጀርባቸው ላይ ተኝተው ተነሱ፤ ከዚያ «አባቴ፣ እስቲ አሁን ደግሞ በሆድዎ ይተኙልን» ተባሉ። ሁለቱን ምስል አጠገብ ለአጠገብ አሳየችን። ክቡ ነገር ቦታውን ቀይሯል። ተንከባሏል።

«የፈንገስ ኳስ ነው፤ አስፐርጊለስ» አለች።

«ፈንገስ ማለት?» አሉ አጎቴ።

«ሻጋታ ነው፣ አባቴ።»

«እንጀራ ላይ የሚወጣው?»

«የእሱ ዘመድ።»

አጎቴ ዝም ብለው ምስሉን አዩት። ከዚያ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ይተላለፋል?» አይተላለፍም ሲባሉ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ቲቢ ሳንባን ቦርቡሮ ሲድን የሚቀረው ክፍተት የራሱ ሁኔታ አለው። የሚወዛወዙት ፀጉሮች ግድግዳው ላይ የሉም። ጠባቂ ሕዋሳትም እንደልብ አይደርሱም። መደላድሉ ተገልጧል። ስፖሩ ያርፋል፣ ይጣበቃል፣ ያብጣል፣ ክር ያወጣል። የሚገፋው የለም። ክሩ ከአክታና ከሞቱ ሕዋሳት ጋር እየተጠላለፈ ኳስ ይሆናል። ኳሱ አጠገብ ያሉት የደም ሥሮች ያብጣሉ፤ ሲበጠሱ ደም ይመጣል። የአጎቴ ስፖር ከእህሉ ጆንያ መጣ ማለት አይቻልም፤ የትም አለና። ዋናው ክፍተቱ ነው።

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። በ1960ዎቹ የብሪታንያ የቲቢ ማኅበር ከቲቢ የዳኑ፣ ግን ሳንባቸው ላይ 2.5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ክፍተት የቀረባቸውን 544 ሰዎች አጥንቷል። ከ4ቱ አንዱ ደሙ ውስጥ የአስፐርጊለስ ፀረ-አካል፣ ማለት ሰውነት ፈንገሱን ለመከላከል የሚሠራው ፕሮቲን፣ ተገኘ። ከ100 ሰው 11 ያህሉ ራጅ ላይ ኳስ ነበረው። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የቲቢ ጫና ከበዛባቸው ከሚላቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ከቲቢ ድነው ክፍተት ይዘው የሚኖሩ ወገኖቻችን ስንት ይሆኑ? ስንቶቹስ «ተመልሶ ነው» ተብለዋል? ድርጅቱ በ2022 ትኩረት የሚሹ 19 ፈንገሶችን ዝርዝር ሲያወጣ አስፐርጊለስ ፉሚጌተስን ከላይኛዎቹ 4 መሀል አስቀምጦታል። የፀረ-አካሉ ምርመራ ግን በየጤና ተቋሙ እንደ ጂን ኤክስፐርት አይገኝም። ይህ መስተካከል አለበት፤ ደግሞም ይቻላል።

አጎቴ ኢትራኮናዞል የሚባል የፈንገስ መድኃኒት ጀመሩ። ቨርጂኒያ ያለችው ልጃቸው ናት የላከችው። ሐኪሟ ስለ መድኃኒቱ ረጅም ጊዜ ወስዳ አስረዳች። ካፕሱሉ የሚሠራው ከምግብ ጋር ነው፤ ጨጓራ ውስጥ አሲድ ይፈልጋል። አጎቴ ለጨጓራ የሚወስዱትን፣ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል አስቆመች። ወቅቱ ሁዳዴ ነበር። አጎቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ፤ ጾሙን አፍርሱ ቢባሉ መድኃኒቱን ይተዉት ነበር። ሐኪሟ ይህን ገባት። «ዘጠኝ ሰዓት ሲበሉ አንዱን፣ ማታ ሲበሉ ሌላውን። በባዶ ሆድ ብቻ አይሁን» አለቻቸው። ሽሮው ሲቀርብ ካፕሱሉም አብሮ ይቀርባል። አክስቴ ሁለቱንም አንድ ትሪ ላይ ታመጣዋለች።

ኳሱ አልጠፋም። ብዙ ጊዜ በመድኃኒት ብቻ አይጠፋም፤ አንዳንዱ ሰው ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል፤ የእሳቸው ሳንባ ግን አይችለውም ተብሏል። ደሙ ግን ቆሟል። ክብደት ጨምረዋል። ብርጭቆ መለየቱንም ትተዋል።

ስለ መጣበቁ ያነበብኩት ተስፋ የሚሰጠኝም ለዚህ ነው። እስካሁን ያሉት መድኃኒቶች ፈንገሱን ለመግደል የተሠሩ ናቸው። ስፖሩ በምን እንደሚይዝ ካወቅን ግን መያዣውን መከልከል ይቻላል። የቶራንሶቹ ሰዎች ኮት-ኤችን የሚይዝ ፀረ-አካል ለአይጦች ሰጥተው ከራይዞፐስ ሞት ተርፈውላቸዋል። ይህ ሰው ላይ እንዲደርስ ገና ሥራ አለ። ግን ሐሳቡ ያምራል፤ የማይይዝ ስፖር ተራ አቧራ ነው፣ ከአክታ ጋር ይወጣል።

እስከዚያው ግን፣ ቲቢ ጨርሶ ከዓመታት በኋላ የሚስል ወይም ደም የሚተፋ ዘመድ ካላችሁ፣ አክታው ላይም ባክቴሪያ ካልተገኘ፣ ሐኪሙን ስለ አስፐርጊለስ ጠይቁ። የድሮውን ራጅ ፈልጋችሁ ይዛችሁ ሂዱ። የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ ጻፉና አሳዩ። በተለይ ሪፋምፒሲን የሚባለው የቲቢ መድኃኒት ካለበት ተናገሩ። ሪፋምፒሲን ጉበት ኢትራኮናዞልን ቶሎ እንዲያጠፋው ስለሚያደርግ፣ ሁለቱን አንድ ላይ የሚውጥ ሰው የፈንገሱን መድኃኒት እንዳልወሰደ ነው የሚቆጠረው።